መልስ፦ ታካሚዎች ለምስል ምርመራ እንዳይመላለሱ
«ተመላላሽ ታካሚዎቻችን ሳይዘጋጁ እየመጡ ለሌላ ቀን ይቀጠራሉ፤ ምን እናድርግ?» ላሉት፦ ማዘዣው መነበብ ያለበት በምርመራው ዕለት ሳይሆን ቀጠሮ ሲሰጥ ነው። የሚያነበውም የዝግጅቱን ዓይነት የሚያውቅ ባለሙያ ይሁን።

1. የሆድና የማህፀን አልትራሳውንድ አብረው ከታዘዙ «ጾመው ይምጡ» ብቻ ብላችሁ አትሸኙ። ታካሚዋ ቃሉን አክብራ ውኃ እንኳ ሳትቀምስ ትመጣለች። የሐሞት ከረጢቷ ጥሩ ሆኖ ይታያል፤ የሽንት ፊኛዋ ባዶ ስለሆነ ግን ማህፀኗ በሆድ በኩል በቅጡ አይታይም። ምግብ ለ6 ሰዓት ያህል እንደሚከለከል፣ ንጹሕ ውኃ ግን እንደሚፈቀድ፣ ከምርመራው 1 ሰዓት ያህል በፊት ብዙ ውኃ ጠጥታ ሽንቷን ይዛ እንድትቆይ በወረቀት ጽፋችሁ ስጧት።

2. ኮንትራስት (ምስሉን የሚያጎላ መድኃኒት) ለሚወጉ የሲቲ ስካን ታካሚዎች የክሬአቲኒን (የኩላሊትን ሥራ የሚያሳይ የደም ምርመራ) ውጤትና የአለርጂ ታሪክ፣ ለኤምአርአይ ደግሞ የልብ ምት መቆጣጠሪያና በሰውነት ውስጥ ያለ ብረት አስቀድሞ ይጠየቅ።

3. ታካሚው ልብሱን ከመልበሱ በፊት ምስሉ ይታይ። በእንቅስቃሴ የደበዘዘውን እዚያው መድገም ይቀላል። ይህን ለማስለመድ ግን ከሁሉም በላይ ትዕግሥት ይጠይቃል።

ከልምድ አንድ ማሳሰቢያ፦ ለሁሉም አንድ ዓይነት ወረቀት አትበትኑ። ኢንሱሊን የሚወስድ የስኳር ታካሚ ጾሞ ወረፋ ሲጠብቅ ስኳሩ ሊወርድ ይችላል። የጠዋቱን የመጀመሪያ ተራ ስጡት፤ የመድኃኒቱን መጠን ደግሞ ቀደም ብሎ ከሐኪሙ ጋር ይነጋገርበት።