ውሻዬ የአበባ ቅጠል በላ፤ ምን ላድርግ?

ጥያቄ፦ የምኖረው ደሴ ነው። በቅርቡ የ5 ወር ቡችላችን በረንዳ ላይ ካስቀመጥኩት ተክል ቅጠል አኘከና አፉ በለሃጭ ተሞላ፤ ፊቱን በእግሩ ደጋግሞ እየፈተገ ያላዝን ነበር። ተክሉ ቅጠለ ሰፊ፣ መሐሉ በፈዛዛ ቢጫ የተዥጎረጎረ፣ አበባ ሻጮች ዲፈንባኪያ የሚሉት ነው። እናቴ «ወተት መርዝ ያረክሳል» ብላ አፉን በግድ ከፍታ ጋተችው፤ በማግስቱም ደህና ሆነ። ያዳነው ወተቱ ነው? ተክሎቼንስ ሁሉንም ላስወግዳቸው?

መልስ፦ ቡችላዎ በመዳኑ ደስ ብሎናል፤ ለመዳኑ ዋናው ምክንያት ግን የበላው ተክል ዓይነት ነው። በዲፈንባኪያ ቅጠልና ግንድ ውስጥ ካልሲየም ኦክሳሌት የተባለ ንጥረ ነገር፣ በዓይን በማይታዩና ጫፋቸው በሾለ ጥቃቅን ክሪስታሎች መልክ ይገኛል። ውሻው ሲያኝክ ክሪስታሎቹ ምላሱን፣ ድዱንና ጉሮሮውን ይወጉታል፤ ለሃጩም ሆነ ፊቱን መፈተጉ የመጣው ከዚሁ ነው። ሕመሙ ወዲያው ስለሚጀምር እንስሳው ብዙ ሳይበላ ይተወዋል፤ ስለዚህ ለሞት የሚያደርሰው ከስንት አንዴ ነው። መኒ ፕላንት የሚባለው ተንጠልጣይ ሐረግም ጉዳቱ ተመሳሳይ ነው። በእነዚህ ተክሎች ጊዜ አፉን በንጹሕ ውሃ ማጠብና ጥቂት ወተት ወይም እርጎ በራሱ ፈቃድ እንዲልስ ማድረግ ያስታግሰዋል። ጉሮሮው አብጦ ትንፋሽ ካጠረው ግን ሳይዘገዩ ወደ ሐኪም ይውሰዱት።

የእናትዎ ሐሳብ እንግዲህ ለዚህ ተክል ከእውነት የራቀ አልነበረም። አጥብቀን የምንለምንዎ መጋቱን እንዲተዉ ነው፤ በግድ የፈሰሰ ወተት ወደ ሳንባ ሊገባ ይችላልና፣ ከተክሉ ይልቅ ሕክምናው እንስሳውን ሊገድለው ይችላል። ለማስመለስ ተብሎ የጨው ውሃ ማጠጣትም እንዲሁ ራሱን የቻለ መመረዝ ያስከትላል። ወተት የሁሉም መርዝ ማርከሻ ነው የሚለው እምነት ከዚህም የከፋ ጉዳት አለው፤ ቤተሰቡ ወተት ሰጥቶ ሲጠብቅ ለሕክምና የሚበጀው ሰዓት ያልፋልና።

ተክሎችዎን ሁሉ ማስወገድ አያስፈልግዎትም፤ በረንዳ ላይ ያሉትን ቡችላው በማይደርስበት ከፍታ ላይ መስቀል ይበቃል። እኛን ይበልጥ የሚያሳስበን ግቢው ነው። በአካባቢያችን አብዛኛው ውሻ ቀን ታስሮ ማታ የሚፈታ ጠባቂ በመሆኑ፣ አጥር ሥር ታስሮ ሲሰለቸው የሚያኝከው ደጅ የበቀለውን ነው። ከዚያ መካከል ቀዳሚው ጉሎ ነው። የጉሎ ፍሬ ራይሲን የተባለ ኃይለኛ መርዝ አለው። ፍሬው ቅርፊቱ ሳይሰበር ከተዋጠ አንዳንዴ ጉዳት ሳያደርስ ሊወጣ ይችላል፤ ከታኘከ ወይም ከተወቀጠ ግን መርዙ ይለቀቃል። ጉሎ ወቅጠው በጨርቅ ቋጥረው ለምጣድ ማሰሻ የሚጠቀሙ እናቶች በየመንደሩ ስላሉ፣ ያ ቅባት የጠጣ ጨርቅ ከምድጃው አጠገብ ወድቆ ቢገኝ ለራበው ውሻ ምግብ ይመስለዋል። ማሰሻው ክዳን ባለው ዕቃ ይቀመጥ፤ ከግቢው ዛፍ የረገፈውም ፍሬ ይለቀም። ምልክቱ፣ ማለትም ትውከት፣ ደም የቀላቀለ ተቅማጥና መዛል፣ ከጥቂት ሰዓታት እስከ 2 ቀን ሊዘገይ ስለሚችል «ደህና ነው» ብሎ መዘናጋት አይገባም።

አጥር ላይ የሚበቅለው እንዳሁላ የልብን ምት የሚያዛቡ ንጥረ ነገሮች አሉት። ሬት ደግሞ በአብዛኛው ትውከትና ተቅማጥ ያስከትላል። በሆቴሎችና በግቢዎች ለውበት የሚተከለው፣ ዘንባባ የሚመስለው ሳይካስ ግን በእጅጉ ያስፈራናል፤ ሁሉም ክፍሉ፣ በተለይም ፍሬው፣ ጉበትን ያጠፋል። ቡችላ ባለበት ግቢ ባይተከል እንመርጣለን።

አዲስ መትከል ከፈለጉ ጽጌረዳ፣ በሶብላና የጥብስ ቅጠል ለውሻ መርዝ የላቸውም።

ውሻው ከእነዚህ የግቢ መርዛማ ተክሎች አንዱን መብላቱን ካዩ ከአፉ የቀረውን አውጥተው፣ የተክሉን ቅርንጫፍ በፌስታል ይዘው፣ የበላበትን ሰዓትና መጠን አስታውሰው ወደ እንስሳት ሐኪም ይሂዱ። ምልክት እስኪያሳይ አይጠብቁ፤ ሐኪሙ ማስመለስ ወይም መርዙን የሚመጥ፣ ለሕክምና የተዘጋጀ ከሰል መስጠት የሚችለው መርዙ ገና ሆድ ውስጥ ሳለ ነውና። ትውከት ካለ እሱንም ጥቂት ይዘው መሄድ ይረዳል።

ጥያቄ፦ ኮምቦልቻ ነኝ። አጥራችን ላይ ሮዝ አበባ ያለው ኦሊያንደር አለ። ስንገርዘው ቅርንጫፉን የት እንጣለው? ውሻም ፍየልም አለን።

መልስ፦ ኦሊያንደር ከግንድ እስከ አበባ መርዝ ነው፤ ጥቂት ቅጠል እንኳ የልብን ምት አዛብቶ ውሻንም ፍየልንም ይገድላል። ብዙ ሰው የሚዘነጋው ቅጠሉ ከደረቀም በኋላ መርዙ እንደማይለቀው ነው፤ እንዲያውም የደረቀውን እንስሳት ከእርጥቡ ይልቅ ሳይጠራጠሩ ይበሉታል። ስለዚህ የተገረዘውን መንገድ ዳር ወይም ጎርፍ መውረጃ ላይ አይጣሉት፤ የጎረቤት ከብት ይበላዋል። ጭሱም ጎጂ ስለሆነ አያቃጥሉት፤ እንጨቱንም ለሥጋ መጥበሻም ሆነ ለወጥ ማማሰያ አይጠቀሙበት። ጓንት አድርገው ሰብስበው፣ ውሻ ቆፍሮ በማይደርስበት ጥልቀት ይቅበሩትና እጅዎን በሳሙና ይታጠቡ። ቡችላ ወይም ግልገል ካለዎት ግን ምክራችን ከሥሩ ነቅለው በቦታው ጽጌረዳ እንዲተክሉ ነው።