የጨው ልኬት ከድስቱ በፊት

«እናታችን የደም ግፊት አለብዎት ተባሉ፣ ጨው እንድንቀንስ ተነገረን። ግን ቤተሰቡ ሁሉ ከአንድ ድስት ነው የሚበላው፤ በምን ልለካው?» ብለሽ ለጠየቅሽው እህቴ።

እኔም እዚህ ደብረ ብርሃን አባቴን በዚሁ ሕመም እያስታመምኩ ነው። ወጡ ላይ የምትጨምሪውን ቁንጥር ብቻ ብትቆጥሪ አይበቃም። በእኛ ቤት ብዙው ጨው የሚገባው ድስቱ ሳይጣድ ነው፤ በርበሬው ሲዘጋጅ፣ ሽሮው ሲመጠን። ለ10 ኪሎ በርበሬ 1 ኪሎ ጨው ከገባ፣ ከዚያ 100 ግራም ስትወስጂ 9 ግራም ገደማ ጨው አብሮ ይመጣል። የዓለም ጤና ድርጅት ለአንድ አዋቂ በቀን ከ5 ግራም በታች ነው የሚለው። ይህ አንድ የሻይ ማንኪያ አካባቢ ነው። እንግዲህ ወጡ ገና ጨው ሳይነካው የሁለት ሰው ድርሻ ሊሞላ ምንም አልቀረውም ማለት ነው!

ስለዚህ በርበሬና ሽሮ ስታስፈጪ ያለ ጨው ይሁን። ኮረሪማው፣ ነጭ አዝሙዱ፣ ዝንጅብሉ፣ ነጭ ሽንኩርቱ እንዳለ ይግባ። ጨው ያልገባበት በርበሬ ግን በደንብ መድረቅ አለበት፤ እርጥበት ከነካው ይሻግታል። ዘንድሮ የተፈጨው ጨው ካለበት ደግሞ አትጣይው፤ በእሱ በሠራሽው ወጥ ላይ ሌላ ጨው አትጨምሪ። ሚጥሚጣና አዋዜ ማዕድ ላይ ባይቀርቡ ይሻላል። የሾርባ ኩብማ ራሱ ጨው ነው።

ለመለካት ቀላሉ መንገድ ፓኬቱ ነው። ጨው ስትከፍቺ ቀኑን ላዩ ላይ ጻፊበት። አራት አዋቂዎች ከሆናችሁ፣ ግማሽ ኪሎ ጨው ከ25 ቀን በፊት ካለቀ በዝቷል። በርበሬው ጨው ካለበት፣ ከሱቅ ዳቦም ከገዛችሁ፣ ከዚያም የበለጠ መቆየት አለበት። በየወጡ ከመመዘን ይህ ይቀላል፤ ማንም አብሳይ ይችለዋል።

ጨውን ወጡ ሊወጣ ሲል ጨምሪ። ትንሹም ይጣፍጣል፣ አዮዲኑም ብዙ አይባክንም። አዮዲን ያለበትን ጨው ግን አትተዊ፤ በደጋው አገር እንቅርት እናውቃለን። ክዳን ባለው ዕቃ አስቀምጪው።

መጀመሪያ ላይ «አልጫ ሆነብኝ» ይላሉ፣ አትደንግጪ። አባቴም ብለውኛል። ምላስ በጥቂት ሳምንታት ይለምዳል። ሎሚ፣ ቃሪያና ሰናፍጭ ያግዙሻል። ሰናፍጩን ያለ ጨው በጥብጪው እንጂ።

ቡናውንም አትርሺ። እናትሽ እንደ ገጠሩ በጨው ከለመዱ፣ አቦልም ቶናም በረካም ሲጠጡ ይደመራል። እኛ ቤት በጤና አዳም ተክተነዋል፣ ተወዷል።

አንድ ነገር ላስጠንቅቅሽ። «ለግፊት የሚስማማ ጨው» ተብሎ የሚሸጥ አለ፤ ፖታሲየም ይበዛበታል። ኩላሊት ለሚያመው፣ አንዳንድ የግፊት መድኃኒት ለሚወስድም አደገኛ ነው። እናትሽ የሚወስዱትን መድኃኒት ይዘሽ ሐኪማቸውን ሳትጠይቂ እንዳትገዢ።