ከቁርስ እስከ እራት በመዝናኛ መርከብ ላይ ምን ይለበሳል?

ጥያቄ፦ ከባለቤቴ ጋር በመዝናኛ መርከብ ለ7 ሌሊት ለመጓዝ ቦታ ይዘናል። ጉዞው ሞቃት በሆኑ ባሕሮች ላይ ነው። ኩባንያው የላከልን ጽሑፍ ቀን ቀን ቀለል ያለ፣ ማታ ማታ ሥርዓት ያለው፣ ሁለት ምሽት ደግሞ የክብር አለባበስ እንደሚያስፈልግ ይገልጻል። እኔ ለእያንዳንዱ ሰዓት የሚሆን ልብስ ስሰበስብ ሁለት ትልልቅ ሻንጣ ሞላ፤ ባለቤቴ በበኩሉ ሙሉ ልብስና ክራባት ተሸክሜ ለዕረፍት አልሄድም ብሏል። ከጠዋት እስከ ማታ በእርግጥ ምን እንደሚለበስና ምን ያህል ልብስ እንደሚበቃ እንድታብራሩልን እንጠይቃለን።

መልስ፦ ከሰበሰቧቸው ልብሶች ግማሽ ያህሉን ወደ ቁም ሣጥን ቢመልሱ ጉዞዎ ምንም አይጎድልበትም። የመርከብ መኝታ ክፍል በአብዛኛው ከሆቴል ክፍል የጠበበ ነው፤ ለሁለት ሰው የሚሰጠውም የልብስ መስቀያ ውስን ስለሆነ፣ ብዙ ሻንጣ ይዞ የገባ ተጓዥ ሳምንቱን ሙሉ ልብሱን ከአንዱ ጥግ ወደ ሌላው ሲያነሣና ሲያስቀምጥ ይሰነብታል። ከዚህም በላይ ለእያንዳንዱ ሰዓት የተለየ ልብስ ያስፈልጋል የሚለው ሐሳብ ከመነሻው ትክክል አይደለም። በአብዛኞቹ መርከቦች የአለባበስ ወሰን የሚሰመረው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ እርሱም የመርከቡ የዕለት መርሐ ግብር 18፡00 ብሎ የሚጽፈው፣ እኛ የምሽቱ 12 ሰዓት የምንለው ነው። ከዚያ በፊት የሚለብሱትን የሚወስነው የሚገኙበት ቦታ ሲሆን፣ ከዚያ በኋላ ግን የምሽቱ ደንብ ይወስናል።

የሚሳፈሩበት ቀን ከሌሎቹ ይለያል። ትልቁን ሻንጣ ወደብ ላይ ለሠራተኞች ያስረክባሉ፤ እነርሱም በሺህ የሚቆጠሩ ሻንጣዎችን አስፈትሸው ወደየክፍሉ ስለሚያደርሱ፣ የእርስዎ ሻንጣ በርዎ ላይ እስኪደርስ ድረስ ሰዓታት ሊያልፉ፣ አንዳንዴም የእራት ሰዓት ሊደርስ ይችላል። ስለዚህ የዋና ልብስ፣ አንድ ቅያሪ፣ መድኃኒትና ፓስፖርት በእጅ ቦርሳ መያዝ አለባቸው። በዚያው ቀን ሁሉም ተሳፋሪ የሚካፈልበት የአደጋ ጊዜ መመሪያ ይሰጣል። እ.ኤ.አ. በጥር 2012 ኮስታ ኮንኮርዲያ የተባለችው መርከብ በጣሊያን ጂሊዮ ደሴት አጠገብ ከዓለት ጋር ተጋጭታ 32 ሰዎች ሲሞቱ፣ ከተሳፋሪዎቹ መካከል ይህን መመሪያ ገና ያላገኙ ነበሩ፤ ከዚያ ወዲህ መመሪያው መርከቡ ከመነሣቱ በፊት ወይም እንደተነሣ ወዲያውኑ እንዲሰጥ በዓለም አቀፍ ደንብ ተወስኗል። ይህ ከአለባበስ ጋር ምን ያገናኘዋል ቢሉ፣ በአደጋ ጊዜ አሳንሰር ስለማይሠራ ብዙ ደረጃ በእግር መውጣት ወይም መውረድ ይመጣል። ስለዚህ ሌሊት ሌሊት አንድ ሽፍን ጫማና አንድ ሙቀት የሚሰጥ ልብስ በጨለማ እንኳ ሊያገኙት በሚችሉበት ቦታ፣ ከአልጋዎ አጠገብ እንዲያስቀምጡ አጥብቄ እመክራለሁ።

ጠዋት ለቁርስ ቁምጣም ሆነ ቀላል ሱሪ፣ ካናቴራም ሆነ የበጋ ቀሚስ ያስኬዳል። የማያስኬደው ባዶ እግር፣ የረጠበ የዋና ልብስና ከክፍሉ መታጠቢያ የወሰዱት ጋዋን ነው፤ ምግብ በሚቀርብበት ስፍራ ሁሉ እግርም ሰውነትም እንዲሸፈን ይጠየቃል።

ከቁርስ በኋላ ወደ ክፍቱ ወለል ሲወጡ ብዙ ሰው የሚዘነጋው ነገር ነፋስ ነው። በሰዓት 20 የባሕር ማይል የሚጓዝ መርከብ በኪሎ ሜትር ሲሰላ በሰዓት 37 ገደማ ይሄዳል፤ ስለዚህ አየሩ ጸጥ ባለበት ቀን እንኳ ወለሉ ላይ የቆመ ሰው ፊት ለፊት የዚያን ያህል ነፋስ ያገኘዋል፤ መርከቡ ወደ ነፋሱ አቅጣጫ ሲሄድ ደግሞ የሁለቱ ድምር ይሆናል። ሰፊና ስስ ጉርድ ቀሚስ፣ ማሰሪያ የሌለው ባርኔጣ፣ አንገት ላይ ጣል የተደረገ ሻርፕ በዚህ ስፍራ ያስቸግራሉ። አገጭ ሥር የሚታሰር ኮፍያና የሚቆለፍ ስስ ጃኬት ቢይዙ በወለሉ ላይ እንደልብ ይንሸራሸራሉ። ይኸው ነፋስ የፀሐይዋን ትኩሳት ስለሚሸፍን ሰው ቆዳው እየተቃጠለ መሆኑ ሳይታወቀው ይቆያል። ነጭ ስስ የጥጥ ካናቴራ የሚሰጠው መከላከያ አነስተኛ ነው፤ ሲረጥብ ደግሞ ይብሱን ይቀንሳል። የመከላከያ ደረጃው 50 የሆነ የፀሐይ ልብስ ግን ከጎጂው ጨረር ከሃምሳ አንዱን እጅ ብቻ ያሳልፋል። ለረጅም ሰዓት ገንዳ ዳር ለሚቀመጥ ሰው እንዲህ ያለ ባለ ረጅም እጅጌ ሸሚዝ ከሌላ ሁለት ቀሚስ ይበልጣል።

የዋና ልብስ ሁለት ይያዙ፤ የመርከብ መታጠቢያ ክፍል ጠባብና እርጥበት ያለው ስለሆነ አንዱ በቶሎ አይደርቅም። ለማድረቅ ብለው በረንዳው አጥር ላይ ማስጣት ግን አይገባም፤ ነፋሱ ወደ ባሕር ይወስደዋል፣ ኩባንያዎቹም ይከለክላሉ። ከገንዳው ወደ ክፍልዎ ሲመለሱ የሚደርቡት ቀለል ያለ ቀሚስ ወይም ረጅም ሸሚዝ፣ እንዲሁም ውኃ የማይጎዳውና የማያዳልጥ ነጠላ ጫማ ያስፈልግዎታል።

ቀትር ላይ ከፀሐይ ወደ ውስጥ ሲገቡ ደግሞ ሌላ የአየር ንብረት ይጠብቅዎታል። የመመገቢያ አዳራሹና የትርዒት አዳራሹ አየር ማቀዝቀዣ ብርቱ ስለሆነ፣ በጣም ሞቃት በሆነው ባሕር ላይ እንኳ ሰዎች ትከሻቸውን በክንዳቸው አቅፈው ሲቀመጡ ይታያል። ከሁሉም ልብሶችዎ አንድ ብቻ ምረጡ ብባል፣ በቀለሙ ከቀንም ከማታም ልብስ ጋር የሚሄድ ሰፋ ያለ የሱፍ ሻርፕ እመርጥልዎ ነበር።

ወደብ ላይ ሲወርዱ የመርከቡ ደንብ ቀርቶ የሚረግጡት አገር ሕግና ልማድ ይገዛዎታል። የለመዱትን የመራመጃ ጫማ ያድርጉ፤ አዲስ ጫማ ለዚህ ቀን አይሆንም። መርከብዎ ሮምን ለመጎብኘት በቺቪታቬኪያ ወደብ ቢቆም፣ ወደ ቅዱስ ጴጥሮስ ባዚሊካ ለመግባት ትከሻና ጉልበት መሸፈን አለበት፤ ይህን ያላሟላ ሰው ረጅም ሰልፍ ጠብቆ ከበር ሊመለስ ይችላል። ጉዞው ወደ ካሪቢያን ከሆነ ደግሞ በተለምዶ ሬንጀር የሚባለውን ዝንጉርጉር ወታደራዊ ልብስ ጨርሶ አይያዙ፤ ባርቤዶስን፣ ጃማይካንና ትሪኒዳድና ቶቤጎን በመሳሰሉ አገሮች ሲቪል ሰው፣ ሕፃንም ቢሆን፣ እንዲህ ያለ ልብስ መልበሱ በሕግ የተከለከለ ነው።

አሁን ወደ ባለቤትዎ ጉዳይ ልምጣ። የክብር ምሽት ደንብ ከኩባንያ ኩባንያ በጣም ይለያያል። ኪውናርድ የተባለው ነባር የብሪታንያ ኩባንያ በክብር ምሽቶቹ ወንዶች ጥቁር የራት ልብስ ወይም ጠቆር ያለ ሙሉ ልብስ እንዲለብሱ ይጠብቃል። ኖርዌጂያን ክሩዝ ላይን በአንጻሩ እ.ኤ.አ. ከ2000 ጀምሮ ማንንም የክብር ልብስ የማያስገድድ አሠራር ይከተላል። ቨርጂን ቮያጅስ የክብር ምሽት የሚባል ነገር የለውም፤ በአንዱ ምሽት ግን ተሳፋሪዎች ቀይ እንዲለብሱ ይጋብዛል። ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ የራስዎን ኩባንያ የቅርብ ጊዜ ደንብ ማንበብ ነው። በአብዛኞቹ መካከለኛ ኩባንያዎች ዘንድ ጠቆር ያለ ሱሪ፣ ባለ ረጅም እጅጌ ሸሚዝና ኮት በቂ ሆኖ ይቆጠራል፤ ክራባት ቢጨመር መልካም፣ ባይኖርም ከበር የሚመልስ ላይሆን ይችላል። የአገር ባህል የክብር ልብስም በብዙ መርከቦች ከሙሉ ልብስ እኩል ይከበራል። ባለቤትዎ ይህንንም ካልወደዱ በዚያ ምሽት በቡፌው መመገብ ይችላሉ፤ እዚያ የሚጠየቀው ንጹሕና ቀለል ያለ ልብስ ብቻ ነው።

የእኔን አስተያየት ከጠየቁኝ ግን ኮቱን ይያዙ። የክብር ምሽት ለአንድ ሰው ብቻ የሚለበስበት አይደለም። አዳራሹ ውስጥ ካሉት ብዙዎቹ የጋብቻ በዓላቸውን ወይም ለዓመታት ያጠራቀሙለትን ጉዞ የሚያከብሩ ናቸው፤ ከጎናቸው የሚቀመጥ ሰው ለብሶ መምጣቱ ለእነርሱም የሚሰጥ አክብሮት ነው። አንድ ኮት በጉዞው ቀን ለብሰውት ቢሄዱ ሻንጣ ውስጥ ቦታ አይወስድም።

ለእርስዎ ደግሞ አንድ ጠቆር ያለ ቀሚስ ለሁለቱም የክብር ምሽቶች ይበቃል፤ በአንዱ በሻርፕ፣ በሌላው በአንገት ጌጥ ቢለውጡት የሚታዘብዎ የለም። ሲመርጡ ግን የማይጨማደድ ጨርቅ ይሁን፤ ካውያ የእሳት አደጋ ስለሚያስከትል በአብዛኞቹ መርከቦች ወደ መኝታ ክፍል ማስገባት የተከለከለ ነው፣ በፍተሻም ይወሰዳል። አንዳንድ መርከቦች ተሳፋሪው ራሱ የሚያጥብበትና የሚተኩስበት ክፍል አላቸው፤ ሌሎቹ ግን የላቸውምና ልብስ በክፍያ ለላውንደሪ መስጠት ግድ ይሆናል። ጫማን በተመለከተ፣ መርከብ ሲወዛወዝ በረጅም ቀጭን ታኮ ደረጃ መውረድ ያሰጋል፤ ቀጭኑ ታኮ በእንጨት ወለሉ መጋጠሚያ ውስጥም ይሰነቀራል። ዝቅ ያለና ሰፋ ያለ ተረከዝ ይምረጡ።

የክብር ምሽት ላልሆኑት አምስት ሌሊቶች ንጹሕ ሱሪ ከሸሚዝ ጋር፣ ወይም ቀላል ቀሚስ ይበቃል፤ ቁምጣና እጅጌ የሌለው ካናቴራ ግን በዋናው መመገቢያ አዳራሽ ብዙውን ጊዜ አይፈቀዱም። እንግዲህ ለአንድ ሰው አራት ወይም አምስት የቀን ሸሚዝ ወይም ካናቴራ፣ ሁለት ሱሪ ወይም ቁምጣ፣ ሦስት የምሽት ልብስ፣ ሁለት የዋና ልብስ፣ አንድ ጃኬት፣ አንድ ሻርፕና ሦስት ጫማ አንድ መካከለኛ ሻንጣ አይሞላም።

ጥያቄ፦ እኔ የምሄደው በግንቦት መጨረሻ ወደ አላስካ ነው። ወፍራም ካፖርት መግዛት ይኖርብኛል?

መልስ፦ ከአንድ ወፍራም ካፖርት ይልቅ ሦስት ስስ ድርብ ይሻላል፤ ከቆዳዎ የሚቀጥል የሱፍ ወይም ላብ የሚያስወጣ ሰው ሠራሽ ካናቴራ፣ ከእርሱ በላይ ሹራብ፣ ከሁሉም በላይ ውኃና ነፋስ የማያስገባ ባለ ቆብ ጃኬት። ምክንያቱም በአንድ ቀን ውስጥ ሙቀቱ ብዙ ይለዋወጣል፦ ከተማ ውስጥ ፀሐይ ስትወጣ ጃኬቱን ያወልቃሉ፤ ግሌሸር ቤይ በተባለው የአላስካ የባሕር ወሽመጥ ውስጥ መርከቡ የበረዶ ግግሩ ፊት ለረጅም ጊዜ ሲቆም ግን ሁሉንም ደርበው እንኳ ይበርድዎታል። ያን ትዕይንት ከመስታወት ጀርባ ሆኖ ማየት ያሳዝናልና፣ ወለሉ ላይ መቆም የሚያስችልዎትን ልብስ ለመያዝ አይሰስቱ። ጥጥ ከረጠበ በኋላ ሙቀት ስለማይዝ ለታችኛው ድርብ አይሆንም፤ ጂንስም በዝናብ ከብዶ ቀኑን ሙሉ ሳይደርቅ ይውላል። ኬቺካን የተባለችው ወደብ በዓመት ከ3,500 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ የምታገኝ ናት። በነፋስ ከሚገለበጥ ጃንጥላ ይልቅ ቆብ ያለው ጃኬትና ውኃ የማያስገባ ጫማ ይታመናሉ። ካሜራ ወይም ባይኖኩላር የሚይዙ ከሆነ ጣትን የሚያንቀሳቅስ ስስ ጓንት ይጨምሩ። የዋና ልብስዎንም አይተዉ፤ ወደ አላስካ የሚሄዱት መርከቦች የሞቀ ገንዳ አላቸው።

ጥያቄ፦ በመጨረሻው ምሽት ሻንጣችንን ከበር ውጭ አስቀምጡ እንደምንባል ሰምቻለሁ። ታዲያ በማግስቱ ምን ለብሰን እንወርዳለን?

መልስ፦ ሠራተኞቹ ሻንጣዎቹን የሚሰበስቡት አብዛኛውን ጊዜ ከምሽቱ 4 እስከ 6 ሰዓት ባለው ጊዜ ነው፤ ከዚያ በኋላ እስከ ወደቡ አዳራሽ ድረስ አያገኟቸውም። ሁሉንም አሽገው በፒጃማ ብቻ የሚቀሩ ሰዎች በየጉዞው ስለማይጠፉ፣ ከማሸግዎ በፊት የማግስቱን ልብስ ከውስጥ ልብስና ከካልሲ ጋር፣ ከጫማውም ጋር አንድ ላይ ወንበር ላይ ያኑሩ፤ መድኃኒትና ፓስፖርት ደግሞ በእጅ ቦርሳ ይግቡ። በዚህ ምክንያት የመጨረሻው እራት ከክብር ምሽቶቹ አንዱ የሚሆንበት ጊዜ እምብዛም አይደለም፤ ለእራት የለበሱትን ሱሪ በማግስቱ መልበስ ይችላሉ። የሚመርጡት ልብስ የሚደርሱበትን ከተማ የአየር ሁኔታ እንጂ የመርከቡን አይመልከት። ከወደቡ በቀጥታ ወደ አውሮፕላን የሚሄዱ ከሆነ ከጫማዎችዎ ከባዱንና ጃኬትዎን ለብሰው ለመሄድ ያስቀሩ፤ አየር መንገዱ የሚመዝነው ሻንጣውን ነውና።