የልጄ የልብ ቁጥር 1,900 ሆነ

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ ልጄ 7 ወሯ ነው። ልቧ ላይ ክፍተት አለ ተብለን ላሲክስ የሚሉትን ሽንት የሚያበዛ መድኃኒት ትወስዳለች። ኤንቲ-ፕሮ-ቢኤንፒ የሚሉት የደም ምርመራ በ4 ወሯ 3,400 ነበር፤ አሁን 1,900 ነው። ወረቀቱ ግን «ከ125 በታች» ይላል። ደንግጬ መድኃኒቱን በራሴ ጨመርኩላት። ስንት ሲደርስ ነው የሚያሰጋው?

መልስ፦ የጠየቁኝ ቁጥር ነው፤ እንቅልፍ የነሳዎት ግን «ልጄን ላጣት ነው ወይ?» የሚለው ይመስለኛል። ከጻፉልኝ ውስጥ ያን የሚያስብለኝ ነገር የለም።

ያ 125 የትልቅ ሰው ልክ ነው። ጤነኛ ሕፃን እንኳ በተወለደ ሰሞን ሺዎች ይደርሳል፤ በ7 ወሩ ጥቂት መቶ ቢሆን አያስደነግጠንም። የእርስዎ ልጅ ከዚያ በላይ ናት፣ አልዋሽዎትም። በክፍተቱ በኩል ትርፍ ደም ወደ ሳንባዋ ስለሚያልፍ ልቧ ይለጠጣል፤ ሲለጠጥ ይህ ምርመራ የሚለካውን ንጥረ ነገር ወደ ደም ይለቃል። ግን ከ3,400 ወደ 1,900 መውረዱ ደግ ወሬ ነው። ክፍተቱን ራሱን የሚያሳየን ኢኮ፣ ማለትም የልብ አልትራሳውንድ ነው።

ላሲክሱን ግን ምን ነካዎት? ያቺ ቁራጭ ክኒን በኪሎዋ ተሰልታ ነው የተሰጠችው። ሲበዛ ውኃዋንና ፖታሲየሟን ያሟጥጣል፣ ኩላሊቷንም ይጎዳል። ያ ንጥረ ነገር ከደም የሚወገደው ደግሞ በአብዛኛው በኩላሊት ነው፤ ኩላሊት ሲደክም የፈሩት ቁጥር መልሶ ከፍ ይላል! የሚቀጥለውን ከመስጠትዎ በፊት ለሐኪሟ ይደውሉ፤ ስንት እንደሰጧት ሳይደብቁ ይንገሩ።

ወረቀቱን ያስቀምጡና ስትጠባ ይዩዋት። ለሕፃን መጥባት ዳገት መውጣት ነው። ሁለት ሦስቴ ስባ ከለቀቀች፣ ግንባሯን ላብ ካጠመቀው፣ ኪሎ አልጨምር ካለች ልቧ እየደከመ ሊሆን ይችላል። ይሄኔ ነው ጎረቤት «እንጥሏ ወርዶ ነው፣ ይቆረጥላት» የሚለው። በዚህ ሰበብ ስንቱ ልጅ ዘግይቶ እንደሚመጣብን! እንጥል ጡት አያስተውም። ምላጩ ግን ደም ያፈሳል፣ ጀርም ያስገባል። ክፍተት ያለበት ልብ ላይ ያ ጀርም ሄዶ ተጣብቆ የልብ ኢንፌክሽን ሊያመጣ ይችላል። ደህናው እንጥል ተቆርጦ፣ ቁስሉ እስኪድን እየተባለ የታመመው ልብ ይጠብቃል። አያትም ትምጣ፣ አዋቂም ይምጣ፣ እምቢ ይበሉ።

ከንፈሯ ወይም ምላሷ ከጠቆረ፣ ወይም ስትተነፍስ ከጎድን አጥንቷ ሥር እየሰረጎደ ከገባ፣ ሌሊትም ቢሆን ድንገተኛ ክፍል ውሰዷት። ሁለቱንም ወረቀቶችና የክኒኑን ማሸጊያ ይዛችሁ ሂዱ።