ጥያቄ አለኝ፦ ፈንዱ አለቀ፣ የየጎፍ ዛፎቼስ?

ጥያቄ
ጋሼ እንደምን አሉ? እኔ ደሴ ባዮሎጂ አስተማሪ ነኝ። ከ2011 ጀምሮ የጎፍ ደን ውስጥ ጥድና ወይራ ላይ ቁጥር እየለጠፍን በየዓመቱ ውፍረታቸውን እንለካለን፣ ስር የበቀለውን ችግኝም እንቆጥራለን። ፈንዱ የ3 ዓመት ነበር አለቀ፣ በ2014 በጦርነቱ ምክንያት አልሄድንም፣ 2015ና 2016ን ከኪሴ አወጣሁ፣ አሁን ግን እውነቱን ለመናገር የመኪናውንም አብሮኝ የሚለካውን የሰፈሩን ሰውዬ አበልም አልቻልኩም። ፕሮፖዛል ሳስገባ ኮሚቴው «ይሄ እኮ የአምናው ነው፣ አዲሱ ነገር ምንድነው?» ብሎ ጣለው። እንዲህ ረጅም የሚሄድ ጥናት የሚደግፍ አለ ወይስ ልተወው?
ዛፍ ለኪው፣ ከደሴ

መልስ
አብሽር ወንድሜ። ኮሚቴው ላይም እንዳትናደድ፣ ጥያቄያቸው ልክ ነው፣ መልሱን ያልሰጠሃቸው አንተ ነህ።

ፕሮጀክት ማለት ዕቁብ ነው፣ ዙሩ ሲያልቅ ሁሉም ብሩን ይዞ ይበተናል። አንተ የያዝከው ስራ ግን ዕድር ነው፣ በዚህ ወር ሰው አልሞተም ተብሎ መዋጮ አይቀርም። ዕድሩን በዕቁብ ብር ልታስኬድ ነው የሞከርከው፣ ይሄ ደግሞ ያንተ ብቻ ችግር እንዳይመስልህ። ቻርልስ ኪሊንግ የሚባለው አሜሪካዊ በ1958 (ከዚህ በኋላ የውጭ የሆነውን ዓመት ሁሉ በፈረንጅ ቁጠረው) ሃዋይ ማውና ሎዋ ተራራ ላይ አየር ውስጥ ያለውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ መለካት ጀመረ፣ ስለ አየር ንብረት የሚያወራ ሁሉ የሚያሳየው ያ ሽቅብ የሚወጣ መስመር የሱ ነው፣ ግን በ1964 በጀት ተቆርጦበት ለጥቂት ወራት ቆመ፣ ቀዳዳው እስከዛሬ መስመሩ ላይ አለ። የዛን ጊዜውን አየር ማን ተመልሶ ይለካዋል? ያንተም 2014 እንደዛው ነው።

ማቆም የማይጎዳቸው እድለኞች አሉ። ሪቻርድ ሌንስኪ በ1988 ኢ. ኮላይ የሚባለውን ባክቴሪያ በ12 ጠርሙስ ማርባት ጀመረ፣ በየ500 ትውልዱ እያቀዘቀዘ ያስቀምጣል፣ ኮሮና በመጣ ጊዜ በ2020 ሁሉንም ፍሪዘር ውስጥ ከተው ከወራት በኋላ አውጥተው ካቆሙበት ቀጠሉ። ደን ግን ፍሪዘር ውስጥ አይገባም።

ለኮሚቴው ይሄን ንገራቸው። ፒተርና ሮዝመሪ ግራንት የሚባሉ ባልና ሚስት ከ1973 ጀምሮ ጋላፓጎስ ዳፍኒ ሜጀር የምትባል ትንሽ ደሴት ላይ የወፍ ምንቃር ሲለኩ ኖሩ፣ በየዓመቱ ያንኑ ወፍ ያንኑ ምንቃር፣ አሰልቺ ነው አይደል? በ1977 ድርቅ መጣ፣ ትንንሹና ለስላሳው ፍሬ አልቆ ትልልቁና ጠንካራው ቀረ፣ እሱን መስበር የቻሉት ባለትልቅ ምንቃሮቹ ተረፉ፣ ልጆቻቸውም ባለትልቅ ምንቃር ሆኑ፣ ኋላ በ1983 ዝናቡ ሲበዛ ደግሞ ነገሩ ተገለበጠ። ዝግመተ ለውጥን በዓይናቸው አዩት። ፈንዳቸው እንዳንተ የ3 ዓመት ሆኖ በ1976 ጓዛቸውን ጠቅልለው ቢሆን ኖሮ ይሄ ሁሉ ያመልጣቸው ነበር። ድርቅ ቀጠሮ ይዞ እንደማይመጣ ለወሎ ሰው አይነገርም።

የጋላፓጎስ ወፍ ምናችን ነው ካሉህም ማይባርን ጥራላቸው፣ እዛው ደሴ አጠገብ ያለውን። በፈረንጅ 1981 ግብርና ሚኒስቴርና የስዊዙ በርን ዩኒቨርሲቲ ሆነው 113 ሄክታር ገደማ የምትሆን ተፋሰስ ላይ ዝናቡን፣ ጎርፉን፣ ታጥቦ የሚሄደውን አፈር መመዝገብ ጀመሩ፣ በኋላ ወደ ክልሉ ግብርና ምርምር ተላለፈ። አፈሩ የሚሄደው ዓመቱን ሙሉ እኩል እኩል ሳይሆን በብዛት በጥቂት ሃይለኛ ዝናብ ነው፣ ይሄን ለማየት ደግሞ ዝናቡ ሲመጣ እዛው ቦታው ላይ የሚለካ ሰው መኖር አለበት።

አሁን ወደ ብሩ። ስራህን ለሁለት ክፈለው። አንደኛው ልኬቱ ነው፣ ሁለተኛው ጥያቄው። ልኬት ብቻ ብለህ ብር ስትለምን ማንም አይሰጥህም፣ ስለዚህ በየ3 ዓመቱ አዲስ ጥያቄ ይዘህ ቅረብ፣ ለምሳሌ ችግኙን የሚያጠፋው ከብት ነው ወይስ የዝናቡ እጥረት፣ ልኬቱ ደግሞ «እንዴት እንሰራዋለን» በሚለው ክፍል ውስጥ ተሳፍሮ ይሂድ። በየዓመቱ አንድ የማስተርስ ተማሪ አንድ ቁራጭ ይውሰድ። ግን አደራ፣ ተማሪው አለካኩን እንዳይቀይርብህ፣ ከመሬት 1 ሜትር ከ30 ላይ ቀለም ቀብተህ እዛው ላይ ብቻ ይለካ፣ የግድ የሚቀየር ነገር ካለም አንድ ዓመት አሮጌውንም አዲሱንም አብራችሁ ለኩ። (የአልሙኒየሙን ቁጥር እረኞቹ ይነቅሉታል ብዬ ብነግርህ ደስ አይልህም፣ ግን ይነቅሉታል።)

ሁሌም ሊቋረጥ የማይገባው ወጪ በጣም ትንሽ ነው፣ የሰውዬው አበልና አንድ ሁለት የመኪና ጉዞ። ይሄን ከፕሮጀክት አውጥተህ መደበኛ በጀት ውስጥ እንዲገባ ዲፓርትመንትህን ተሟገት፣ ጊዜህን ማጥፋት ያለብህ እዚህ ላይ ነው። እንግሊዝ ሮታምስቴድ የስንዴ ማሳው ከ1843 ጀምሮ እስከዛሬ የሚዘራው ሎውስ የሚባለው ባለቤቱ የማዳበሪያ ፋብሪካውን ሸጦ 100,000 ፓውንድ ስላስቀመጠለት ነው፣ እኛ ወቅፍ የምንለው አይነት፣ ዋናው አይነካም ፍሬው ይበላል። እንዲህ ያለ ባለሀብት ከደሴ ወይ ከኮምቦልቻ ካገኘህ እኔንም አስተዋውቀኝ።

ከውጭ፣ የአሜሪካው ብሔራዊ የሳይንስ ፋውንዴሽን ለረጅም ጊዜ የአካባቢ ስነ ህይወት ጥናት ብሎ ለይቶ ሲሰጥ የቆየው ገንዘብ አለ (አሁንም መቀጠሉን አጣራ)፣ ለዛ የሚያመለክተው ግን እዛው ያለ ተመራማሪ ስለሆነ አጋር ያስፈልግሃል፣ ደግሞም ቢያንስ የ6 ዓመት ዳታ ይጠይቃሉ። አንተ 5 አለህ። ስለዚህ የዘንድሮውን ተበድረህም ቢሆን ለካ! ዳታውንም ሶስት ቦታ አስቀምጥ፣ ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ በገባ ጊዜ ስንት ቢሮ ወረቀቱ ተበትኖ እንደቀረ ካንተ በላይ የሚያውቅ የለም።

ጥያቄ
አያቴ ሐይቅ አጠገብ ገበሬ ነበሩ፣ የበልግ ዝናብ የጀመረበትን ቀንና ያገኙትን እህል 19 ዓመት ደብተር ላይ ጽፈዋል። ቤት ስናጸዳ ተገኘ፣ እናቴ ጣይው ትላለች። ይጠቅማል?
የልጅ ልጅ፣ ከሐይቅ

መልስ
እንዴ! እንዳትጥይው የኔ እህት፣ እናትሽንም በኔ ስም ለምኛቸው። ከላይ ያለው ልጅ በፈንድ ያልሞላለትን አያትሽ በቢክ እስኪርቢቶ ሰርተውታል። እያንዳንዱን ገጽ ባዶውንም ጨምረሽ ፎቶ አንሺ፣ ከዛ እናትሽን ቁጭ አድርገሽ ጠይቂ፣ አባባ «ዝናብ ጀመረ» የሚሉት ጠብ ሲል ነው ወይስ ለእርሻ ሲበቃ? እህሉን የሚሰፍሩበት ቁና ስንት ኪሎ ይይዛል? ማሳው የት ጋ ነበር፣ በመሃል ተቀይሯል ወይ? ይሄን አሁን ካልጻፍሽው ቁጥሩ ብቻውን ዲዳ ነው። ከዛ ኮፒውን አቅራቢያሽ ላለ ዩኒቨርሲቲ ወይም ግብርና ምርምር ስጪ፣ ዋናውን ደብተር ግን ለማንም እንዳትሰጪ፣ በውሰትም ቢሆን።