ማክሰኞ ዕለት የት ነበርክ?

ቅር የሚለው ይበለው፣ ዛሬ ሳልናገር አላድርም። እዚህ አሜሪካ ምርጫው ማክሰኞ ነው፤ በየምርጫው ማግስት ቡና ይዛችሁ "እንዴት እሱ ያሸንፋል?" ትላላችሁ። መርጣችሁ ነበር ወይ ሲባል ግማሹ ሥራ ነበረው፣ ግማሹ መመዝገቡን ረስቶታል።

1. ወረቀቱ። በግሪን ካርድ የፕሬዚዳንትም የኮንግረስም ምርጫ አይመረጥም። መንጃ ፈቃድ ስታወጣ አብሮ የሚመጣውን የመራጭ ምዝገባ ሳታነብ እንዳትፈርም፤ እስከ መባረር ያደርሳል። ሲቲዝን ከሆንክ ተመዝገብ። አለቀ።

2. "የኔ አንድ ድምፅ ምን ይለውጣል?" እኔም ብያለሁ። እ.ኤ.አ. በ2000 ፍሎሪዳ ነበርኩ። ሲቲዝንነቱን ያወጣሁት እናቴን ለማምጣት ነው፤ ለምርጫ ደንታም አልነበረኝ። ኖቬምበር 7 ቀን ታክሲዬን ኦርላንዶ ኤርፖርት ተራ አስይዤ፣ ከሐበሻ ሹፌሮች ጋር ኮፈን ላይ ካርታ ስጫወት ዋልኩ። ባለቤቴ ሁለቴ ደወለች። "ሂድ እንጂ፣ መንገድህ ላይ ነው" አለችኝ። እሺ አልኳት። ካርታው ደርቶ ነበር።

ከዚያ ሳምንታት ሙሉ ቴሌቪዥን ላይ ቆጣሪዎች የድምፅ ካርዱን ወደ መብራት አንስተው፣ ቀዳዳው ተበስቷል አልተበሳም እያሉ ሲያፈጡ አየሁ። ስድስት ሚሊዮን ያህል ሰው ከመረጠበት ግዛት ቡሽ በ537 ድምፅ አሸነፈ፤ ፕሬዚዳንት ማን ይሁን የሚለውም በዚያው ተወሰነ። 537! ለእንቁጣጣሽ የምንከራየው አዳራሽ ከዚያ በላይ ይይዛል። ባለቤቴ አንዲት ቃል አልተነፈሰችም። ብትሰድበኝ ይቀለኝ ነበር።

3. የሚያንገበግበኝ ይሄኛው ነው። አገር ለሁለት ሲከፈል ሐሳቡን የሚቀይር ጥቂት ነው። እልህ የያዘው ይወጣል፣ የቀዘቀዘው ቤቱ ይቀራል፤ ውጤቱን የሚሠራው ይሄ ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 የኮንግረስ ምርጫ የወጣው መምረጥ ከሚችለው 37 በመቶ እንኳ አልሞላም። በ2018፣ ትራምፕን የሚወደውም የሚጠላውም ሲጋጋል፣ 50 በመቶ ገደማ ደረሰ፤ የተወካዮች ምክር ቤቱም ወደ ዴሞክራቶች ዞረ።

አሁን ያለሁባት ቨርጂንያ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2017 ኒውፖርት ኒውስ ከተማ ላይ ለግዛቱ የታችኛው ምክር ቤት የቀረቡ ሁለት ተወዳዳሪዎች እኩል 11,608 ድምፅ አገኙ። ምን ተደረገ? ስማቸው ወረቀት ላይ ተጽፎ ከሳህን ዕጣ ወጣ። ልክ እንደ ዕቁብ! በዚያች ዕጣ ሪፐብሊካኖች የግዛቱን ምክር ቤት 51 ለ49 ያዙ። አንድ ሰው ካልሲውን አጥልቆ ቢወጣ ኖሮ ሳህኑ ባላስፈለገ።

ደግሞ ስሙኝ። ማንን እንደመረጥክ ምስጢር ነው፤ መምረጥ አለመምረጥህ ግን መዝገብ ላይ አለ። ፖለቲከኞቹ ያዩታል። ስማችን ጎን ባዶ ከሆነ በራችንን ማን ያንኳኳል? ከዚያ ስቴት ዲፓርትመንት (የአሜሪካ ውጭ ጉዳይ) በር ላይ በብርድ ባንዲራ ይዘን እንጮሃለን። የወረዳህን የኮንግረስ ሰው ስም ሳታውቅ፣ ቲክቶክ ላይ እስከ ሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ስለ አራት ኪሎ ትከራከራለህ!

4. ሺፍት አለብኝ ለምትሉ፦ ቨርጂንያ ውስጥ ከምርጫው 45 ቀን በፊት ጀምሮ መምረጥ ይቻላል። እንግሊዝኛ ማንበብ ለማይችሉ ወላጆቻችሁም ረዳት አብሮ መግባት በሕግ የተፈቀደ ነው። እኔ እናቴን ይዤ እገባለሁ። ሲቲዝን ከሆነች ወዲህ አንድም አላመለጣትም። በጠዋት ነጠላዋን አጣፍታ በር ላይ ትጠብቀኛለች፤ ስትወጣ "መርጫለሁ" የሚለውን ስቲከር ጥለቱ ላይ ትለጥፈዋለች።