መልስ፦ በጠራራ ፀሐይ የማይጠፋ አውቶማቲክ የፊት መብራት

የመኪናህ አውቶማቲክ የፊት መብራት ቀን ለምን እንደማይጠፋ ጠይቀሃል፤ ችግሩ ዳሽቦርዱ ላይ ያለበስከው ጨርቅ ነው። የአዳማን ፀሐይ ለመከላከል ጨርቁን ካደረግክ ወዲህ መብራቱ አልጠፋ ያለህ፣ የብርሃን ሴንሰሩ (የውጭውን ብርሃን የሚለካው መሣሪያ) ስለተሸፈነና መኪናው መሽቷል ብሎ ስለሚያስብ ነው።

1. ጨርቁን አንሳና ከፊት መስታወቱ ሥር፣ ዳሽቦርዱ ላይ፣ ትንሽ ጥቁር ጉብታ ፈልግ። በብዙ መኪኖች ሴንሰሩ እሱ ነው። አቧራውን በደረቅ ለስላሳ ጨርቅ ጥረግ።
2. ሞተር አስነሳ፣ የመብራቱን ማብሪያ አውቶ (AUTO) ላይ አድርግ። ፀሐይ ላይ ጥቂት ጠብቅ፤ መጥፋት አለበት። ወዲያው ባይጠፋ አትደንግጥ፣ በድልድይና በዛፍ ጥላ ሥር ስታልፍ ብልጭ ድርግም እንዳይል ሆን ተብሎ ነው የሚዘገየው።
3. ሴንሰሩን በወፍራም ጨርቅ ሸፍን፤ የፊት መብራቱ ሊበራ ይገባል።

ከጠፋና ከበራ ሴንሰሩ ደህና ነው፤ ጨርቁን በጉብታው ልክ ቀደህ መልሰው። ጨርቅ ሳይኖርም ካልጠፋ የሴንሰሩን የሽቦ ሶኬት በኤሌክትሪሺያን አስፈትሽ። ብዙ መኪኖች የሴንሰሩ መልእክት ሲቋረጥባቸው መብራቱን አብርተው ይተዉታል።

አንድ ነገር ግን አደራ፦ ሴንሰሩ የሚለካው ብርሃንን እንጂ ርቀት ማየትህን አይደለም። ቀን ላይ ጭጋግ ወይም አቧራ ሲጋርድህ ሰማዩ ብሩህ ከሆነ አያበራልህም። ቀን የሚበራው ትንሹ የፊት መብራትም በብዙ መኪኖች የኋላውን አያበራም፣ ከኋላህ የሚመጣው ከባድ መኪና አያይህም። ያኔ በእጅህ አብራ።